የወሎን ጥድ ከብዙ እናት ዛፍ ማፍላት፦ ከዘር ለቀማ እስከ ተከላ

አንድ በደንብ ያፈራ የሐበሻ ጥድ የትንሽ ችግኝ ጣቢያን መደብ ሁሉ የሚሞላ ዘር ሊሰጥ ይችላል። ለቃሚውም ይሄን ያውቃል። መንገድ ዳር ያለውን፣ ቅርንጫፉ ዝቅ ያለውን፣ ፍሬው የበዛለትን ዛፍ ይመርጣል። በግማሽ ቀን ጆንያውን ሞልቶ ይመለሳል። ከርሞ ብዙ ሺህ ችግኝ ተራራ ላይ ይወጣል፤ ሪፖርቱም ያምራል። ግን እነዚያ ሁሉ ችግኞች የአንድ እናት ልጆች ናቸው። አድገው ሲዳቀሉ የሚዳቀለው ወንድም ከእህቱ ጋር ነው።

ይህ መመሪያ ያንን እንዴት እንደምናስቀር ያሳያል። የተጻፈው ወሎ ውስጥ ጥድ ማፍላት ለሚፈልግ ሁሉ ነው፦ ለወጣቶች ማኅበር፣ ለሰበካ ጉባኤ፣ ለመስጊድ ኮሚቴ፣ ለትምህርት ቤት ክበብ፣ ለልማት ጣቢያ ሠራተኛ። ላቦራቶሪ አይጠይቅም። ከረጢት፣ እርሳስ፣ ስልክና ትዕግሥት ካለ ይበቃል።

መጀመሪያ ነገሩን እንረዳው

ኮኒፈር ከሚባለው፣ ጥድን ከሚያካትተው ሰፊ የዛፍ ወገን አገር በቀል የሆኑት ዛፎቻችን ሁለት ብቻ ናቸው፤ ጥድና ዝግባ። የሐበሻ ጥድ በሳይንስ ስሙ ጁኒፐረስ ፕሮሴራ ይባላል። ከሳዑዲ ዓረቢያና ከየመን ተራሮች ተነሥቶ፣ በኢትዮጵያና በኬንያ አልፎ እስከ ዚምባብዌ ይበቅላል። ስለዚህ ዝርያው እንዳለ ከምድር ሊጠፋ ነው ብዬ አላስፈራራችሁም። የሚጠፋው የየአካባቢው ጥድ ነው። ላስታ ላይ ለብዙ ትውልድ ውርጭ የተፈራረቀበት ጥድ አንዴ ከተመነጠረ፣ ከሌላ አገር ዘር አምጥተን ብንተክል ያው ዛፍ አይሆንልንም። ስሙ አንድ ነው፤ የለመደው ብርድና ድርቅ ግን ሌላ ነው።

የዘረመል ብዝሃነት የምንለው በአንድ ደን ውስጥ ያሉ ዛፎች በውርስ ያገኙትን ልዩነት ነው። አንዱ ድርቅ ይችላል። ሌላው በሽታ ይቋቋማል። አንዱ ዘግይቶ ያፈራል። ክፉ ዓመት ሲመጣ ደኑን የሚያተርፈው ይህ ልዩነት ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆኑ አንድ በሽታ ሁሉንም ይወስዳል። ወሎ ድርቅ ምን እንደሚያደርግ የሚነገረው አገር አይደለም።

ጥድ ላይ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ስስ ነው። ወንዱ ሌላ ዛፍ፣ ሴቷ ሌላ ዛፍ ናት። አልፎ አልፎ ሁለቱንም የያዘ ይገኛል፤ አብዛኛው ግን የተለያየ ነው። የወንዱን ብናኝ ወደ ሴቷ የሚያደርሰው ነፋስ ነው። ደኑ ሲቆራረጥና በየኮረብታው ጥቂት ጥቂት ዛፍ ሲቀር ብናኙ የሚመጣው ከአንድና ከሁለት ጎረቤት ብቻ ይሆናል። እነዚያ ጎረቤቶች ደግሞ ብዙ ጊዜ ዘመዳሞች ናቸው።

ደረጃ 1፦ የዘር ቦታ መምረጥ

በቅድሚያ ዛፉ የሐበሻ ጥድ መሆኑን አረጋግጡ። የፈረንጅ ጥድ በየትምህርት ቤቱና በየመንገዱ ዳር ተተክሎ ስለሚገኝ ብዙ ሰው ይደባልቀዋል። መለያው ፍሬው ነው። የፈረንጁ ፍሬ እንጨትማ ነው፤ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ይከፈታል። የሐበሻው ፍሬ ግን ለስላሳና ክብ ነው። ውፍረቱ ከ4 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ነው። ሲበስል ወደ ሰማያዊ ጥቁር ይለወጣል፤ ላዩ ላይም እንደ አመድ ያለ ነጭ ሽፋን ይታያል። ሁለቱ ጎን ለጎን ቢበቅሉ እርስ በርስ አይዳቀሉም፤ በዚህ በኩል ስጋት አይግባችሁ።

ቀጥሎ የምትተክሉበትን ቦታ ከፍታ እወቁ። ስልካችሁ ላይ ያለ የካርታ መተግበሪያ ይነግራችኋል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ገደማ ላይ። በመኪና ከአንድ ሰዓት ያነሰ መንገድ ነው፤ አየሩ ግን በፍጹም አይመሳሰልም። እኔ የምከተለው ልክ ይሄ ነው፦ ዘሩ የተለቀመበትና ችግኙ የሚተከልበት ቦታ በከፍታ ከ300 ሜትር በላይ ባይራራቁ ጥሩ ነው። ርቀቱም ባይበዛ ይመረጣል። ከቅርብ የተገኘ ዘር ሁልጊዜ ይቅደም።

ወሎ ላይ የጥድ ዘር የሚታሰብባቸው ቦታዎች ጥቂት አይደሉም። በደሴና ኮምቦልቻ አካባቢ የጎፍ ደን አለ። በደቡብ ወሎዋ ቦረና በኩል የደንቆሮ ደን አለ። ላስታ ላይ በይምርሐነ ክርስቶስ ዙሪያ ያለው የጥድ ደን ዕድሜ ጠገብ ነው። ከእነዚህ ሌላ በየቀበሌው ያሉትን የቤተ ክርስቲያን ቅጽሮች፣ የመስጊድ ግቢዎችና የመቃብር ቦታዎች አትርሱ። ብዙ ቦታ ላይ ያረጀው ጥድ የተረፈው እዚያ ብቻ ነው። ሰው ፈርቶና አክብሮ ስላልነካው ተረፈ።

ተተክሎ ከበቀለ ጥድ ዘር ከመልቀማችሁ በፊት ግን ጠይቁ። ዘሩ ከየት መጣ? ከስንት እናት? መልሱን የሚያውቅ ከጠፋ ተዉት። የተፈጥሮው ይሻላል።

ደረጃ 2፦ ፈቃድ

ቤተ ክርስቲያን ከሆነ የደብሩን አለቃና ሰበካ ጉባኤውን፣ መስጊድ ከሆነ ሼሁንና ኮሚቴውን አናግሩ። የመንግሥት ደን ከሆነ የወረዳውን የደን ባለሙያ። ጥድ፣ ዝግባ፣ ኮሶና ዋንዛ በደን ሕጋችን ልዩ ጥበቃ የተሰጣቸው ዛፎች ናቸው። ፍሬ ለቀማ ቆረጣ አይደለም፤ ቢሆንም ያለ ፈቃድ ቆንጨራ ይዞ ደን የገባ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ቆንጨራውን ቤት ተዉት። ከለቀማው በኋላ ለባለ ቦታው ከሚፈላው ችግኝ ድርሻ ስጡ። ቅጽሩም አዲስ ዛፍ ያስፈልገዋል።

ደረጃ 3፦ እናት ዛፎችን መምረጥ

የመመሪያው ልብ እዚህ ነው። ሌላው ሁሉ ቢሳሳት ይታረማል። ይሄኛው ከተሳሳተ ስሕተቱ አድጎ ደን ይሆናል።

ግባችሁ ቢያንስ 30 እናት ዛፍ ይሁን። 50 ከተገኘ እሰየው። ለምን 30? ሒሳቡ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ዛፍ ከአንድ ዘረመል ሁለት ቅጂ ይይዛል፤ አንዱን ከአባቱ፣ አንዱን ከእናቱ። 30 ዛፍ ማለት 60 ቅጂ ነው። አሁን ከ100 ቅጂ በ5ቱ ላይ ብቻ የሚገኝ ብርቅ የዘረመል ዓይነት አለ እንበል። ምናልባትም ድርቅ የሚያስችለው እሱ ነው። ከ30 ዘመዳም ካልሆኑ ዛፎች ከለቀማችሁ ያ ዘረመል ከናሙናችሁ ውስጥ የመኖሩ ዕድል ከ100 ውስጥ 95 ገደማ ነው። ከ10 ዛፍ ከለቀማችሁ ወደ 64 ይወርዳል። ከ5 ዛፍ ብቻ ከሆነ 40 ብቻ ነው፤ ያመልጣችኋል ማለት ይቀላል። የአባቶቹ ብናኝ ትንሽ ይጨምርላችኋል፤ በእሱ መተማመን ግን አይበጅም። ደኑ በተቆራረጠበት ቦታ አባቶቹ ስንት እንደሆኑ አናውቅም።

እናቶቹን ስትመርጡ የሚከተሉትን ያዙ።

*ርቀት።* በአንድ እናትና በሚቀጥለው መካከል ቢያንስ 50 ሜትር፣ ቢቻል 100 ሜትር ይኑር። የጥድን ፍሬ ወፎች ሩቅ ቢወስዱትም ብዙው የሚወድቀው ከእናቱ ሥር ነው። ተጠጋግተው የበቀሉ ጥዶች ብዙ ጊዜ ወንድማማች ናቸው። በሩቅ መራመድ ይደክማል፤ ግን ለዚህ ነው።

*ብቻውን የቆመ ዛፍ ይለፋችሁ።* እርሻ መሃል ብቻውን የቀረ ጥድ ፍሬው ለመልቀም ምቹ ነው። ግን በቂ ብናኝ ላያገኝ ይችላል፤ ብዙ ዘሩ ባዶ ይሆናል። ያገኘውም ከአንድ አባት ሊሆን ይችላል። በአካባቢው ወንድ ዛፎች መኖራቸውን እዩ። ወንዱ ፍሬ የለውም፤ በቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ደቃቃ ቢጫ ቡናማ ነገሮች ይይዛል፤ ብናኙ ሲደርስ ቅርንጫፉን ብትመቱት ይጨሳል።

*ቀጥ ያለውን ብቻ አትምረጡ።* ይሄ ከብዙ ባለሙያ ጋር ያከራክረኛል። ለጣውላና ለምሰሶ የምታፈሉ ከሆነ ቀጥ ያለውን መምረጥ ትክክል ነው። ለደን ጥበቃ ከሆነ ግን አይደለም። የወሎ ተራሮች ላይ ቀጥ ቀጥ ያለው ለምሰሶና ለማገር ሲቆረጥ ኖሯል፤ የቀረው ጠማማው ነው። ያ ጠማማ ዛፍ ምናልባት ድርቁን፣ ውርጩንና ድንጋዩን ችሎ የቆየ ነው። በመልኩ አትፍረዱበት። የታመመና ሊሞት የደረሰውን ብቻ አስቀሩ። ሌላውን እንዳጋጣሚ ውሰዱ፦ በደኑ ውስጥ አንድ መስመር ያዙ፣ 100 ሜትር ሂዱ፣ እዚያ ቅርብ የሆነችው ፍሬ ያላት ሴት ዛፍ እናታችሁ ናት። ከዚያ ቀጥሉ።

*ከዳር እስከ ዳር።* ደኑ ገደል ካለው ገደሉ ጋ፣ ምንጭ ካለው ምንጩ ጋ፣ አናቱም ግርጌውም ላይ ሂዱ። የተለያየ አፈር የተለያየ ዛፍ ያተርፋል።

አንድ ቅጽር ውስጥ 8 እናት ብቻ ካሉስ? ይሄ ወሎ ላይ የተለመደ ነው። ከ8ቱም ልቀሙ። ከዚያ በተቀራራቢ ከፍታ ላይ ወዳለው ወደ ሚቀጥለው ቅጽር፣ ወደ ሚቀጥለው መቃብር ቦታ ሂዱ። አራት ቅጽር ከ8 ከ8 ቢሰጥ 32 ሆነ። ድሮ እነዚህ ቦታዎች የአንድ ደን ክፍል ነበሩ፤ ነፋስና ወፍ ያገናኛቸው ነበር። አሁን የምታገናኟቸው እናንተ ናችሁ።

ደረጃ 4፦ ለቀማ

የጥድ ፍሬ ለመብሰል አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ይወስድበታል። ስለዚህ በአንድ ዛፍ ላይ አረንጓዴና የበሰለ ፍሬ አብሮ ይታያል። የበሰለውን ብቻ ልቀሙ። በጣታችሁ ጨፍልቁት፤ ውስጡ ቡናማና ጠንካራ ዘር ካለ ደርሷል። ጥቂት ዘር በምላጭ ሰንጥቁ። ውስጡ ነጭና ሙሉ ከሆነ ጥሩ ነው። ባዶ ወይም የተጨማደደ ከበዛ ያንን ዛፍ ተዉና ወደ ሌላ ሂዱ።

ከሥሩ ሸራ አንጥፋችሁ ቅርንጫፉን አራግፉ ወይም በእጅ ልቀሙ። ቅርንጫፍ አትቁረጡ። መሬት ላይ የወደቀውን አታንሱ፤ የማን እንደሆነ አይታወቅም፣ ብዙው ደግሞ በነፍሳት የተበላ ነው። ከአንድ ዛፍ ፍሬ ከአምስት እጅ አንዱን ብቻ ውሰዱ። የቀረው የወፎች ነው። ደኑን የሚተክሉት እነሱ ናቸው።

ለእያንዳንዱ እናት የራሷ ከረጢት ይኑራት። ይሄ ሊታለፍ አይገባም። በከረጢቱ ውስጥ በእርሳስ የተጻፈ ወረቀት ክተቱ፤ እስክሪብቶ ሲረጥብ ይጠፋል። የሚጻፈው ይህ ነው፦ የዛፉ ቁጥር፣ የቦታው ስም፣ ስልኩ የሚያሳየው የጂፒኤስ ቁጥርና ከፍታ፣ ቀን፣ የለቃሚው ስም። ላስቲክ ከረጢት አትጠቀሙ፤ ፍሬው ይታፈንና ይሻግታል። የጨርቅ ወይም የወረቀት ይሁን።

ደረጃ 5፦ ዘሩን ማውጣት

ከነሥጋው የተዘራ የጥድ ፍሬ በደንብ አይበቅልም። ፍሬውን ለብ ባለ ውኃ አንድ ቀን ወይም ሁለት ቀን ዘፍዝፉ። ከዚያ ከሻካራ አሸዋ ጋር በእጅ እሹት፣ በወንፊት ላይ እያጠባችሁ ሥጋውን አስወግዱ። የሙጫው ቅባት እጅ ላይ ይጣበቃል፤ ይሄ የተለመደ ነው።

የጸዳውን ዘር ባልዲ ውኃ ውስጥ ጨምራችሁ አሳድሩት። ሲነጋ የተንሳፈፈውን ጣሉ፤ አብዛኛው ባዶ ነው። የሰመጠውን ጥላ ላይ በጨርቅ ላይ ዘርግታችሁ አድርቁ። ፀሐይ ላይ አታስጡት። ወዲያው የማትዘሩት ከሆነ በደንብ የደረቀውን ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ዕቃ አድርጋችሁ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡ። ይሄ ሁሉ ሲሠራ የእናቶቹ ዘር አይደባለቅ። ባልዲው በአንዱና በሌላው መካከል ይታጠብ።

ዘር ከተረፋችሁ ወደ ኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ማድረሱን አስቡበት። የጂን ባንኩ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ከእነሙሉ መረጃው የቀረበ የዱር ዛፍ ዘር ዋጋው ሌላ ነው።

ደረጃ 6፦ መደብ ላይ መዝራት

መደቡን በመስመር ከፋፍሉ፤ ለአንድ እናት አንድ መስመር። በየመስመሩ ራስ ላይ የእናቲቱን ቁጥር የያዘ ችካል ትከሉ። ዘሩን በስሱ በትኑና ግማሽ ሴንቲ ሜትር የሚሆን የተነፋ አሸዋ አልብሱት። ላዩን በደረቅ ሣር ሸፍኑ። ጠዋትና ማታ በቀዳዳ ማጠጫ በዝግታ አጠጡ። መብቀል ሲጀምር ሣሩን አንሡና ከፍ ያለ ጥላ ሥሩለት።

የጥድ ዘር በአንድ ጊዜ አይበቅልም። አንዱ ቶሎ ይወጣል፤ ሌላው ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይቆያል። ብዙ ችግኝ ጣቢያ መጀመሪያ የበቀለውን ይወስድና መደቡን ይገለብጠዋል። እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ። ቶሎ የሚበቅለውን ብቻ በመረጣችሁ ቁጥር ሳታውቁት የደኑን ባሕርይ እየለወጣችሁ ነው። ዘግይቶ የሚበቅል ዘር የመጀመሪያው ዝናብ ሐሰተኛ በሆነበት ዓመት የሚተርፈው ነው። በልግ ሲጀምርና ሲያቋርጥ ያየ የወሎ ገበሬ ይሄን ከእኔ በላይ ያውቀዋል።

ደረጃ 7፦ ማመጣጠን

30 እናት ሰብስባችሁ እንኳ እዚህ ላይ ሁሉንም ልታጡት ትችላላችሁ። አንዷ እናት ዘሯ ሁሉ በቀለ እንበል። ሌሎቹ ጥቂት ጥቂት ወጡ። ችግኝ ጣቢያው የበቀለውን ሁሉ ወስዶ ላስቲክ ውስጥ ቢያደርግ ግማሹ ችግኝ የአንዷ ልጅ፣ ቀሪው ግማሽ የ29ኙ ልጆች ይሆናል። ወረቀት ላይ 30 እናት ነው። በሒሳብ ሲሰላ ግን ዋጋው በእኩል ካዋጡ 4 እናቶች አይበልጥም። ያ ሁሉ ተራራ መውጣት ለ4 እናት።

መፍትሔው ከእያንዳንዷ እናት እኩል ችግኝ መውሰድ ነው። 600 ችግኝ ከፈለጋችሁ ከ30ዎቹ 20 20 ውሰዱ። ከአንዷ መስመር 200 ቢበቅልም 20 ብቻ። የተረፈው ለጥላ ዛፍ፣ ለአጥር፣ ለግቢ ይሰጥ፤ ወደ ደኑ ግን አይግባ። ከአንዷ 12 ብቻ ከበቀለ 12ቱንም ውሰዱ፣ ጉድለቱን ከብዙዎቹ ላይ አንድ አንድ ጨምራችሁ ሙሉ። 20ዎቹን ስትመርጡ ረጃጅሙን ብቻ አትንቀሉ። የታመመውንና የተጣመመ ሥር ያለውን አስወግዱና ከቀረው ሳትመርጡ ውሰዱ።

አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ስንት ተተከለ የሚለውን መቁጠር ሁላችንም ለምደናል። ጥሩ ነው። ከስንት እናት የሚለውን ቁጥርም ከጎኑ ብንጽፍ ደስ ይለኛል። አንድ ዓምድ መጨመር ብቻ ነው።

ደረጃ 8፦ ላስቲክ ውስጥ ማሳደግ

ለአፈሩ ሦስት እጅ የደን አፈር፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ የበሰለ ፍግ ወይም ኮምፖስት ቀላቅሉ። የደኑን አፈር ከጥድ ሥር ጥቂት ብታመጡ መልካም ነው። የጥድ ሥር አብረውት ከሚኖሩ ጠቃሚ ፈንገሶች ጋር ተባብሮ ነው ውኃና ንጥረ ነገር የሚያገኘው፤ ያ አፈር እነሱን ይዞ ይመጣል። እናቲቱን የሚያሳውቀው ቁጥር እዚህም አብሮ ይሂድ።

ጥድ አይቸኩልም። በመስከረም የተዘራ ለቀጣዩ ሐምሌ ትንሽ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። እንዲህ ከሆነ ለከርሞ ይቆይ። ደጋ ላይ ያለ ችግኝ ጣቢያ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ስለሚያገኘው ማታ ማታ በሣር ወይም በጆንያ ይሸፈን። ሥሩ ከላስቲኩ ሥር ሲወጣ ይገረዝ። ሊተከል ሁለት ወር ሲቀረው ጥላውን ቀስ በቀስ አንሡ፣ ውኃውንም ቀንሱ፤ ተራራው ላይ ማንም አያጠጣውም።

ደረጃ 9፦ ተከላ

ጉድጓዱን አስቀድሙ፤ በግንቦት ወይም በሰኔ ይቆፈር። ተከላው ክረምቱ ሲጸና፣ በሐምሌ መጀመሪያ ይሁን። ርቀቱ በሁሉም አቅጣጫ 2.5 ሜትር ቢሆን በሄክታር 1,600 ችግኝ ይገባል።

ወንድምና እህት ጎን ለጎን እንዳይቆሙ አንድ ቀላል ዘዴ አለ። ችግኞቹን ከማጓጓዛችሁ በፊት በእያንዳንዱ ሣጥን ውስጥ ከ30ዎቹ እናቶች አንድ አንድ ችግኝ አስገቡ። ተካዩ ሣጥኑን ተሸክሞ በሄደበት ሁሉ 30 የተለያዩ እናቶችን እየተከለ ይሄዳል። ምንም ማብራራት አያስፈልገውም። በጥድፊያ በሚተከልበት ቀን ይሄ ብዙ ጭቅጭቅ ያድናል።

በአንድ ቦታ ጥቂት ብቻ አትትከሉ። ጥድ በችግኝነቱ ወንድ ይሁን ሴት አይታወቅም። ግማሽ በግማሽ ናቸው ብንል እንኳ 5 ብቻ የተተከለበት ቅጽር ከ16 አንዱ ሁሉም ወንድ ወይም ሁሉም ሴት የመሆን ዕድል አለው። ሠላሳ አርባ ሲሆኑ ይሄ ስጋት የለም። ያረጁ ጥዶች ካሉበት አጠገብ መትከልም ጥሩ ነው፤ ሲያድጉ ብናኝ ይለዋወጣሉ።

ቦታው ከከብት ንክኪ ነፃ ይሁን። አጥር ወይም ጠባቂ ከሌለ ድካሙ ለፍየል ነው።

ዝግባ ከሆነ

ዝግባም ወንዱና ሴቷ የተለያዩ ናቸው። ስለ እናት ብዛት፣ ስለ ርቀትና ስለ ማመጣጠን የተባለው ሁሉ ይሠራለታል። ወሎ ላይ ስለ ዝግባ ሲነሣ ወረባቦ ያለው የአናቤ ደን መጠቀስ አለበት። ልዩነቱ ዘሩ ላይ ነው። የዝግባ ዘር ትልቅና ቅርፊቱ ድንጋይ የመሰለ ነው። ሥጋውን አጽዱ፣ ቅርፊቱን ውስጡን ሳትጎዱ በቀስታ ሰንጠቅ አድርጉ፣ ሳይቆይ ዝሩት። ለረጅም ጊዜ ለማስቀመጥ አይመችም። ችግኙ ጥላ ይወዳል፤ እንደ ጥድ ገላጣ ላይ አትትከሉት።

ሳይተከል የሚበቅለውን አትርሱ

ከሁሉም ርካሹና ከሁሉም ይበልጥ ብዝሃነትን የሚጠብቀው መንገድ ራሱ የሚበቅለውን እንዲያድግ መተው ነው። ያረጁ ጥዶች ባሉበት ቅጽር ዙሪያ የድንጋይ ካብ ከቆመና ከብት ካልገባ ቡቃያው ራሱ ይመጣል። ደቡብ ጎንደር ውስጥ በርካታ አብያተ ክርስቲያናት ቅጽራቸውን እንዲህ በድንጋይ አጥረዋል፤ ወሎ ላይ ድንጋይ አልጠፋም። በቁጥቋጦ ሥር ቡቃያ ፈልጉ፤ ቁጥቋጦው ከፀሐይና ከከብት ጥርስ ይከልለዋል። ስለዚህ ቅጽር ማጽዳት ሲባል ቁጥቋጦውን ሁሉ አትመንጥሩ። ብዙ ቡቃያ ካለ ችግኝ ማፍላቱ ላያስፈልግ ይችላል። መጀመሪያ ዞር ብላችሁ እዩ፣ ከዚያ ወስኑ።

መዝገቡ

በደረቅ ቦታ የሚቀመጥ አንድ ደብተር ይኑር። የእናቶቹ ዝርዝር፣ የጂፒኤስ ቁጥራቸው፣ ከእያንዳንዳቸው ስንት በቀለ፣ ስንት ተተከለ፣ የት ተተከለ ይጻፍበት። አንድ ቅጂ ለወረዳው፣ አንድ ለደብሩ ወይም ለመስጊዱ ይሰጥ፤ በስልክም ፎቶ ይነሣ። በየዓመቱ መስከረም ላይ የተተከለውን ቁጠሩ። የሞተውን ስትተኩ ከቀረው ዘር ወይም ችግኝ ውስጥ ልጆቻቸው የበለጠ ከሞቱባቸው እናቶች አስቀድሙ፤ ቀላሉ መንገድ የተረፈውን ማንኛውንም ችግኝ መሙላት ቢሆንም። ከሃያ ሠላሳ ዓመት በኋላ ከዚያ ደን ዘር የሚለቅም ሰው ደረጃ 1 ላይ የጠየቅነውን ሁለት ጥያቄ ይጠይቃል፤ ዘሩ ከየት መጣ፣ ከስንት እናት። መልሱ ደብተሩ ላይ ይገኝ።